ፕሮግራሙ ወድቆ ሲነሳ፦ የብሎክቼይን መከታተያን በዩኒት ቴስት መፈተሽ

የብሎክቼይን መከታተያ ሶፍትዌር አዳዲስ ብሎኮችን እየተከታተለ ያነባል፤ ከሚጠበቀው አድራሻ ጋር የተያያዘ ግብይት ሲያገኝ ይለያል፤ ከዚያም ለሚመለከተው ሰው ወይም ሥርዓት ያሳውቃል። ይህን ሲሠራ እስከ የትኛው ብሎክ እንደደረሰ፣ የትኛው ግብይት ገና ማረጋገጫ እየጠበቀ እንደሆነና ስለ የትኛው አስቀድሞ እንዳሳወቀ ይመዘግባል። የዚህ ሁሉ ድምር የፕሮግራሙ ሁኔታ ይባላል። መብራት ጠፍቶ፣ ሰርቨሩ ተዘግቶ ወይም ፕሮግራሙ ራሱ ተበላሽቶ ቆሞ እንደገና ሲነሳ ሁኔታውን ከዲስክ አንብቦ ካቆመበት መቀጠል አለበት። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ መቀጠል ትክክል መሆኑን በዩኒት ቴስት ማረጋገጥ ነው።

ሁኔታው በትክክል ካልተመለሰ ስህተቱ ከሁለት አንዱ ነው፦ መዝለል ወይም መድገም። የሶማሊላንዷን ሀርጌሳን የመሰለ ከተማ ላይ ሁለቱም ወዲያው ወደ ገንዘብ ይለወጣሉ። የቴሌኮም ኩባንያው ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 ዛድ የተባለውን የሞባይል ገንዘብ ካስጀመረ ወዲህ የሀርጌሳ ነዋሪ ብዙውን ክፍያ በዶላር፣ በስልኩ ይፈጽማል። አንድ የገንዘብ አስተላላፊ ቢሮ በኢቴሪየም ብሎክቼይን ላይ ቴተር የተባለውን በዶላር የተተመነ ዲጂታል ገንዘብ ተቀብሎ አቻውን ዶላር በዛድ ይከፍላል እንበል። መከታተያው አንድ ገቢ ከዘለለ ደንበኛው ቢሮው ድረስ መጥቶ ይጮኻል፤ ከደገመ ግን ማንም ሳይጮኽ ካዝናው ይጎድላል። ስለዚህ ከሁለቱ ይበልጥ ቴስት የሚያስፈልገው መድገሙ ነው፤ መዝለልን የሚጠቁም ሰው አይጠፋምና።

ፕሮግራሙን ሁለት ሦስት ጊዜ በእጅ ዘግቶ መክፈት እንደ ፍተሻ አይቆጠርም። ኢቴሪየም አዲስ ብሎክ የሚያወጣው በ12 ሴኮንድ አንዴ ነው፤ ፕሮግራሙም አብዛኛውን ጊዜ ቀጣዩን ብሎክ ይጠብቃል እንጂ አይሠራም። አደገኛው ቅጽበት፣ ማለትም አንዱ ነገር ተጽፎ ሌላው ያልተጻፈበት፣ ጥቂት ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው። በእጅ የሚዘጋ ሰው ሁልጊዜ የሚያገኘው ጸጥታውን ነው። አደገኛውን ቅጽበት በየጊዜው ማግኘት የሚቻለው በኮድ ሲታዘዝ ብቻ ነው።

ሁኔታውን ለይቶ መጻፍ

ከቴስቱ በፊት ሁኔታው ምን ምን እንደያዘ በግልጽ ይዘረዘራል። ለአብዛኛው መከታተያ አራት ነገር ይበቃል፦ መጨረሻ የተሠራበት ብሎክ ቁጥርና ሀሽ፣ ከእሱ በፊት የነበሩ ብሎኮች ሀሽ፣ ማረጋገጫ የሚጠብቁ ግብይቶች፣ እንዲሁም የሚላኩና የተላኩ ማሳወቂያዎች መዝገብ። ቁጥሩን ብቻ መዝግቦ ሀሹን መተው የተለመደ ስንፍና ነው፤ ጉዳቱ ከታች ይታያል።

ከዝርዝሩ ውስጥ ከሰንሰለቱ እንደገና ሊነበብ የሚችለውና የማይችለው ይለያል። ብሎኮችና ግብይቶች ቢጠፉ ከኖድ ይመለሳሉ። ለደንበኛው ተነግሮ እንደነበር ግን ሰንሰለቱ አያውቅም። የማሳወቂያው መዝገብ ከጠፋ ከየትም አይገኝም፤ ስለዚህ ቴስቶቹ ይበልጥ የሚጨነቁት ለእሱ ነው።

ከውጭው ዓለም መነጠል

ፕሮግራሙ ከውጭ ጋር የሚገናኝባቸው አራት በሮች አሉ፦ ሰንሰለቱን የሚያነብበት ኖድ፣ ሁኔታውን የሚያስቀምጥበት ዲስክ ወይም ዳታቤዝ፣ ሰዓቱ እና መልእክት መላኪያው። አራቱም ከዋናው ኮድ ተለይተው በበይነ ገጽ በኩል ይሰጡታል፤ በቴስት ጊዜ በአስመሳይ ይተካሉ። ኮዱ የትም ቦታ ላይ የኮምፒውተሩን ሰዓት በቀጥታ የሚጠይቅ ወይም ፋይል በራሱ የሚከፍት ከሆነ መጀመሪያ የሚስተካከለው እሱ ነው።

አስመሳዩ ሰንሰለት የብሎኮች ዝርዝር ነው። የእያንዳንዱ ብሎክ ሀሽ ከወላጁ ሀሽና ከይዘቱ ይሰላል፤ በዚህ የተነሳ ይዘቱ የተለወጠ ብሎክ ሀሹም ይለወጣል፣ ከእሱ በኋላ ያሉትም ሁሉ እንዲሁ። ቴስቱ ሰንሰለቱን ከፈለገው ቦታ ላይ ሌላ ቅርንጫፍ እንዲያወጣ፣ ጥያቄ ሲቀርብለት ስህተት እንዲመልስ ወይም ወደኋላ የቀረ ኖድ መስሎ እንዲታይ ማዘዝ መቻል አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአስመሳዩ ዲስክ ላይ ነው። የተጻፈውን ሁሉ ወዲያው ቋሚ አድርጎ የሚይዝ አስመሳይ እውነተኛው ዲስክ የማይሰጠውን ዋስትና ይሰጣል። እውነተኛ ኮምፒውተር የተጻፈውን መጀመሪያ በማኅደረ ትውስታ ያቆየዋል፤ ወደ ዲስክ በግድ እንዲወርድ እስኪታዘዝ ድረስ መብራት ቢጠፋ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ አስመሳዩ ሁለት ንብርብር ይኖረዋል፦ የተጻፈና የጸና። «ውደቅ» ሲባል ያልጸናውን ይጥላል።

በቀላሉ መጀመር

የመጀመሪያው ቴስት ባዶ ዲስክ ሰጥቶ ፕሮግራሙ በማዋቀሪያው ከተነገረው ብሎክ መጀመሩን ያያል። ሁለተኛው ሁኔታውን አስቀምጦ መልሶ በማንበብ ሁለቱን ያነጻጽራል። ይህ ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ ፍሬ ይሰጣል፤ ምክንያቱም የገንዘብ መጠኖቹ ትልልቅ ናቸው። በኢቴሪየም ላይ ቴተር ከነጥብ በኋላ 6 አሃዝ ሲኖረው የኢቴሪየም የራሱ ገንዘብ ኢተር 18 አለው፤ አንድ ኢተር በትንሹ መለኪያው ሲጻፍ ከ1 በኋላ 18 ዜሮ ነው። ጃቫስክሪፕትና ብዙ የጄሰን አንባቢዎች ቁጥርን በትክክል የሚይዙት እስከ 9,007,199,254,740,992 አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሳይታወቅ ይጠጋጋል። ቴስቱ መጨረሻ አሃዙ ጎዶሎ የሆነ ትልቅ መጠን አስቀምጦ ማንበብ አለበት። 1 ላይ ዜሮ ብቻ የተደረደረበት ቁጥር ተጠጋግቶም ልክ ሊመስል ስለሚችል ለዚህ አይመረጥም።

በየእርምጃው መጣል

የሥራው ልብ ይህ ነው። አንድ ብሎክ ሲሠራ የሚሆነው በተርታ ይህን ይመስላል፦ ብሎኩ ይነበባል፤ የሚፈለጉ ግብይቶች ይለያሉ፤ ሁኔታው ይጻፋል፤ ይጸናል፤ ማሳወቂያው ይላካል፤ መላኩ ይመዘገባል። አስመሳዮቹ ወደ ውጭ የሚደረገውን እያንዳንዱን ጥሪ ይቆጥራሉ። ቴስቱ መጀመሪያ ፕሮግራሙን ያለ ምንም መቋረጥ በሃያ ብሎኮች ላይ ያስኬደዋል፤ የመጨረሻውን ሁኔታ፣ የተላኩትን ማሳወቂያዎችና የጥሪዎቹን ብዛት ይይዛል። ይህ መመዘኛው ነው።

ከዚያ ያንኑ ሥራ ከመጀመሪያው ጥሪ እስከ መጨረሻው በየተራ እየጣለ ይደግመዋል። በመጀመሪያው ዙር ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ጥሪ በፊት ይወድቃል፤ በሚቀጥለው ከጥሪው በኋላ፤ ከዚያ ከሁለተኛው በፊት፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። በእያንዳንዱ ውድቀት በማኅደረ ትውስታ ያለው ሁሉ ይጣላል፤ የጸናውን ዲስክ ብቻ የያዘ አዲስ ፕሮግራም ይነሳና ሥራውን ይጨርሳል። መጨረሻው ሁኔታ ከመመዘኛው ጋር አንድ መሆን አለበት። ማሳወቂያ ላይ ጥያቄው ይለያል፦ አንድም የጎደለ እንዳይኖር፤ የተደገመ ካለ ደግሞ ያንኑ መለያ የያዘ እንዲሆን።

መልእክት መላክና መላኩን መመዝገብ በሁለት የተለያዩ ማሽኖች ላይ የሚሆኑ ስለሆኑ በአንድ ቅጽበት አይፈጸሙም። የተደረሰበት የብሎክ ቦታ ከመላኩ በፊት ብቻውን ከተመዘገበ በመካከል የወደቀ ፕሮግራም ማሳወቂያውን ይዘላል፤ ከመላኩ በኋላ ከተመዘገበ ይደግማል። የሚያዋጣው አሠራር የብሎኩን ቦታና የሚላከውን ማሳወቂያ በአንድ የዳታቤዝ ትራንዛክሽን መጻፍ ነው፦ ወይ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ወይ አንዱም። ላኪው ከዚያ መዝገብ እያነበበ ይልካል። መደጋገሙ ከዚህም በኋላ አይጠፋም፤ ተቀባዩ በመለያው አይቶ ሁለተኛውን እንዲጥል ይደረጋል እንጂ።

የመለያው አሠራር ራሱን የቻለ ቴስት ይገባዋል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የብሎኩ ሀሽና የኢቨንቱ፣ ማለትም ግብይቱ ሲፈጸም የሚመዘገበው ክስተት፣ ተራ ቁጥር ነው፤ ሁለቱም ግን ያሳስታሉ። አንድ ግብይት ከአንድ ብሎክ ወጥቶ በሌላ ብሎክ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ያኔ የብሎኩ ሀሽ ሌላ ይሆናል። ኖዱ የሚሰጠው የኢቨንት ተራ ቁጥርም የሚቆጠረው ከግብይቱ መጀመሪያ ሳይሆን ከብሎኩ መጀመሪያ ስለሆነ አብሮ ይለወጣል። ሳይለወጥ የሚቆየው የግብይቱ ሀሽና ኢቨንቱ በዚያ ግብይት ውስጥ ያለው ተራ ነው፤ ያውም ግብይቱ በአዲሱ ቦታ እንደ ፊተኛው ከተፈጸመ ነው። ቴስቱ አንዱን ግብይት በሌላ ብሎክ ውስጥ ከሌሎች ግብይቶች በኋላ አስቀምጦ መለያው አንድ ሆኖ መቆየቱን ያያል።

አንድ ጊዜ የወደቀ ፕሮግራም ለመነሳት ሲሞክር እንደገና ሊወድቅ ይችላል፤ መብራት መጥቶ በደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ሲሄድ የሚሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ ዑደቱ በመነሳት ላይ እያለም እንዲጥል ይደረጋል። ሁለት ውድቀቶችን በጥንድ መሞከር የቴስቱን ብዛት ያበዛዋል፤ ሁሉም በማኅደረ ትውስታ ውስጥ የሚሄድ ስለሆነ ግን ሺህዎቹ እንኳ አያስቸግሩም።

ፕሮግራሙ በሌለበት ሰንሰለቱ ሲለወጥ

ሰንሰለቱ ፕሮግራሙ እስኪመለስ አይጠብቅም። የመጨረሻዎቹ ብሎኮች ተሽረው በሌሎች ሊተኩ ይችላሉ፤ ባለሙያዎች ሪኦርግ ይሉታል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 2022 የኢቴሪየም ቢከን ሰንሰለት ሰባት ብሎኮችን በዚህ መልክ ሽሯል። ኢቴሪየም ክላሲክ በተባለው ሌላ ሰንሰለት ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 በደረሱት ጥቃቶች በአንድ ጊዜ ከ3,000 በላይ ብሎኮች ተገልብጠዋል።

በሥራ ላይ ያለ መከታተያ ከኢቴሪየም ኖድ ጋር በቀጥታ የኢቨንት ምዝገባ ከተገናኘ የተሻረ ኢቨንት ሲኖር «ተወግዷል» የሚል ምልክት ይደርሰዋል። ይህ ምቾት ነው ወጥመዱ። ፕሮግራሙ ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ የተሻረውን ነገር ተመልሶ ሲገናኝ ማንም አይነግረውም። የተሻረውን የሚያውቀው ራሱ ያስቀመጠውን ሀሽ አሁን ሰንሰለቱ ላይ ካለው ጋር ሲያነጻጽር ብቻ ነው፤ ቁጥሩን ብቻ የመዘገበ ፕሮግራም 100 ቁጥር ብሎክን ጨርሻለሁ ብሎ 101ን ያነባል፣ በታች ያለው ሌላ መሆኑንም ሳያውቅ ይቀጥላል።

ቴስቱ ፕሮግራሙን በ100 ላይ ያቆመዋል፤ ሰንሰለቱን ከ97 በኋላ ሌላ ቅርንጫፍ ያስወጣዋል፤ ከዚያ ያስነሳዋል። የሚጠበቀው ወደኋላ እየሄደ 97ን የጋራ መነሻ አድርጎ ማግኘት፣ ከ98 እስከ 100 ያለውን መሰረዝ፣ አዲሶቹን መሥራት ነው። ከዚህ መሠረት ላይ ልዩነቶች ይሠራሉ። አዲሱ ቅርንጫፍ ከተቀመጠው ቦታ ያጠረ ሲሆን ፕሮግራሙ አይደነግጥም፤ ወደ ኋላ የቀረ ኖድ ገጥሞት ሊሆን ስለሚችል ይጠብቃል። ግብይቱ ፈጽሞ ከጠፋ፣ ማሳወቂያውም አስቀድሞ ተልኮ ከነበረ፣ የመሻሪያ ማሳወቂያ ይወጣል። የጋራ መነሻው ከተቀመጡት ሀሾች ሁሉ በታች ከሆነ ፕሮግራሙ መገመት የለበትም፤ ቆሞ ሰው ይጥራ። የኢቴሪየም ክላሲኩ ዓይነት ነገር ሲያጋጥም በራሱ ወስኖ የሚቀጥል መከታተያ ከማይሠራው የከፋ ነው።

ስንት ሀሽ ይቀመጥ የሚለው ከሰንሰለቱ ሕግ ይነሳል። ኢቴሪየም እንደ ወትሮው ሲሠራ አንድ ብሎክ የማይሻር የሚሆነው ቢያንስ ሁለት ኢፖክ፣ ማለትም 64 ስሎት (ለአንድ ብሎክ የተመደበ የ12 ሴኮንድ ተራ) ካለፈ በኋላ ነው፤ ይህም 13 ደቂቃ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። የኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2021 ለተማሪዎች ዲጂታል መታወቂያ ስምምነት ያደረገበት ካርዳኖ የተባለው ብሎክቼይን ግን ወደኋላ መመለስን እስከ 2,160 ብሎክ ይፈቅዳል። ካርዳኖ በዚህ ረገድ ለቴስት ጸሐፊ ደግ ነው፦ ተከታታይ ፕሮግራም ሲገናኝ ያሉትን ነጥቦች ይሰጣል፣ ኖዱ የጋራውን ነጥብ ይመርጥለታል፣ ከዚያ «ወደፊት» ወይም «ወደኋላ» የሚል መመሪያ ይልክለታል። በኢቴሪየም ላይ ያንን ፍለጋ ፕሮግራሙ ራሱ መሥራት አለበት፤ ቴስቱም ስለዚህ ይበዛል።

አንድ ሽርፍራፊ ጉዳይ ይቀራል። የብሎኩ ርዕስ (ሄደር) በቁጥር ተጠይቆ ከመጣ በኋላ ኢቨንቶቹ እንደገና በቁጥር ቢጠየቁ በመካከሉ ብሎኩ ሊለወጥ፣ የአንዱ ርዕስ ከሌላው ይዘት ጋር ሊጋባ ይችላል። ኢቨንቶች በብሎክ ሀሽ ሊጠየቁ ስለሚችሉ መፍትሔው እሱ ነው። አስመሳዩ ሰንሰለት በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ቅርንጫፍ እንዲቀይር ታዝዞ ይሞከራል።

ረጅም መቋረጥ

የጥቂት ደቂቃ ክፍተት ላይ ያለፈ ቴስት ለሳምንታት ክፍተት ዋስትና አይሆንም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 30 ቀን 2020 ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። ዛሬ ባለው የኢቴሪየም ፍጥነት በቀን እስከ 7,200 ብሎክ ስለሚወጣ በ21 ቀን እስከ 151,200 ብሎክ ይከማቻል። ብዙ ኖድ አቅራቢዎች በአንድ ጥያቄ የሚሰጡትን የብሎክ ስፋት ይገድባሉ፤ ሁሉንም በአንዴ የሚጠይቅ ፕሮግራም ስህተት ይመለስለታል። ቴስቱ አስመሳዩን ሰንሰለት ከ500 ብሎክ በላይ አልመልስም እንዲል አድርጎ ፕሮግራሙ በትንሽ በትንሹ መውሰዱን፣ በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻም ቦታውን ማጽናቱን ያያል። ያለዚያ ግማሽ መንገድ ላይ የወደቀ ፕሮግራም በእያንዳንዱ መነሳት ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ሌላው ዓይነት መቋረጥ የሚነካው አንዱን በር ብቻ ነው። በሶማሊላንድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 በፕሬዚዳንታዊ ምርጫው ጊዜ ማኅበራዊ መገናኛዎች ለቀናት ተዘግተው ነበር። ማሳወቂያውን በእነዚህ በኩል የሚልክ መከታተያ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰንሰለቱን ያለ ችግር ያነባል፤ መልእክት የሚልክበት መንገድ ግን የለውም። ስለዚህ መልእክት መላኪያው ብቻ ለረጅም ጊዜ እምቢ እንዲል ይደረግና ሦስት ነገር ይታያል፦ ብሎክ ማንበቡ መቀጠሉ፣ ያልተላኩት በተራቸው መቆየታቸው፣ መስመሩ ሲከፈት አንድ በአንድ መውጣታቸው። በመካከሉ ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ እንዲወድቅ ማድረግ ይህን ቴስት ዋጋ ያለው ያደርገዋል።

የተበላሸ ፋይል

ሁኔታው በፋይል የሚቀመጥ ከሆነ አዲሱ በጊዜያዊ ፋይል ተጽፎ፣ ጸንቶ፣ ከዚያ ስሙ ወደ ዋናው ይለወጣል። ቴስቱ በትክክል የተጻፈ ፋይል ወስዶ በእያንዳንዱ ባይት ርዝመት ላይ እየቆረጠ ፕሮግራሙን ያስነሳል። የሚፈቀዱት ውጤቶች ሁለት ናቸው፦ የቀድሞውን ደኅና ሁኔታ ማግኘት ወይም በግልጽ መልእክት አልነሳም ማለት። ፋይሉን ማንበብ ሲያቅተው ዝም ብሎ ከአሁኑ የመጨረሻ ብሎክ የሚጀምር ኮድ ተደጋግሞ ይታያል፤ ጸሐፊው ደግ የሠራ ይመስለዋል፤ ያለፈው ሁሉ ግን ያለ ድምፅ ይዘለላል። በቀድሞ እትም የተጻፈ ፋይልም በቴስቶቹ ጎን ተቀምጦ አዲሱ እትም እንዲያነበው ይደረጋል።

ስለ ሰዓት ብዙ የሚባል የለም። የኢቴሪየም ብሎክ ጊዜ የሚቆጠረው በዩኒክስ ሴኮንድ ነው፤ ሀርጌሳና አዲስ አበባ ደግሞ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት ይቀድማሉ። በአካባቢ ሰዓት የተቀመጠ «ከዚህ በኋላ አሳውቅ» የሚል ቀጠሮ ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ወደሚሠራ ቦታ ሲዛወር በሦስት ሰዓት ይሳሳታል። በአንድ የሰዓት ክልል አስቀምጦ በሌላ የሚያነብ አንድ ቴስት ይበቃዋል።

ቴስቱን መፈተሽ

ሁሉም አረንጓዴ ሲሆን ኮዱ ሆን ተብሎ ይበላሻል። የማጽናቱ ትእዛዝ ይወጣል፤ ቦታውን መጻፍና ማሳወቂያን መጻፍ በሁለት ትራንዛክሽን ይከፈላሉ፤ የሀሽ ማነጻጸሪያው መስመር ይሰረዛል፤ መለያው ወደ ብሎክ ሀሽ ይለወጣል። በእያንዳንዱ ጊዜ ቢያንስ አንድ ቴስት ቀይ መሆን አለበት። የማጽናቱ ትእዛዝ ወጥቶም ሁሉም ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ አስመሳዩ ዲስክ ያልጸናውን አለመጣሉ ነው።

ከዚህ በላይ መሄድ ለሚፈልግ በፓይቶን እንደ ሃይፖቴሲስ ያሉ መሣሪያዎች የአዲስ ብሎክ፣ የሪኦርግ፣ የውድቀትና የላኪ እምቢታ ቅደም ተከተሎችን በዘፈቀደ ይፈጥራሉ። መመዘኛው ያው ነው፤ ብቻ ተቋርጦ የሄደው ፕሮግራም የሚነጻጸረው የመጨረሻውን ሰንሰለት ከመጀመሪያው ካነበበ ያልተቋረጠ ፕሮግራም ጋር ይሆናል፤ የመሻሪያ ማሳወቂያዎችም ከፊተኞቹ ጋር ተቀናንሰው ይቆጠራሉ። የወደቀው ቅደም ተከተል እንዲደገም የዘፈቀደው መነሻ ቁጥር ይመዘገባል፤ የተገኘው ስህተትም ወደ ቋሚ፣ በስም የሚጠራ ቴስት ይለወጣል።

ዩኒት ቴስት የማይደርስበት ነገር እውነተኛው ዲስክ በመብራት መጥፋት ጊዜ የሚያደርገውና እውነተኛው ኖድ የሚመልሰው ነው። ለእነዚህ ጥቂት የውህደት ቴስቶች ይበቃሉ፦ አንዱ እውነተኛ ዳታቤዝ ላይ ፕሮግራሙን በኃይል ገድሎ የሚያስነሳ፣ ሌላው በራስ ኮምፒውተር ላይ በሚሄድ የሙከራ ሰንሰለት ላይ ብሎኮችን ወደኋላ መልሶ የሚያይ። እነዚህ ቀርፋፋ ስለሆኑ በየኮድ ለውጡ ሳይሆን አዲስ እትም ከመውጣቱ በፊት ይሮጣሉ።